ከዕረፍቱ የተረፈ ፎቶግራፍ

አባቴ ኤቫሪስቶ፣ የመድን ድርጅት ሠራተኛ፣
የሰው አደጋ ሲመዝን ሃያ ዓመት ያልተኛ፣
"ዘንድሮስ" አለ "ይብቃን የማድሪድ የነሐሴ ሐሩር፣
ወደ ሰሜን እንውጣ፣ ዝናብ ወደሚያድርበት አገር።"
አስቱሪያስ፣ ከተራራ ግርጌ፣ ከአንድ ገበሬ ቤት
ዐሥር ቀን ተከራየልን፤ ቁርስ አለው፣ ጸጥታ አለበት።
ማስታወቂያው እንዲያ ይላል። ሌሊት በዐሥር ሰዓት
አውራ ዶሮው ከመስኮታችን ሥር አስተባበለው በጩኸት።

ውሻችን ኮንዴ ይባላል፤ ትርጉሙ ባላባት ማለት፤
እግሩ ስንዝር፣ ሆዱ ስልቻ፣ አካሄዱ የሹመት፤
ከአሳንሰር ሌላ ዳገት፣ ከምንጣፍ ሌላ ሣር የማያውቅ፤
ጠብታ ዝናብ ሲነካው እንደ ተሰደበ የሚሸማቀቅ።

ባለቤቲቱ ኦብዱሊያ፣ ቦት ጫማ ያጠለቀች መበለት፣
ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት፤ አንዲቷ ትበቃታለች ለዕለት።
ለበር ውሻዋ፦ "አይነክስም።" ለወይፈኑም፦ "አይነክስም።"
ስለ ዝይዎቹ ዝም አለች። እኛም ለምን ብለን አልጠየቅንም።

በመጀመሪያው ጧት ኮንዴ ግዛቱን ሊጎበኝ ወጣ፤
ደረቱን ነፋ፣ ጅራቱን ሰቀለ፣ ለአንዲት ቢራቢሮ ተቆጣ።
ከወንዙ ዳር ሰባት ዝይ። ነጭ። አንገታቸው ጦር።
ክንፍ ዘርግተው እያፏጩ መጡ፤ አንድም የሚያመነታ አልነበር።
ባላባቱ ማዕረጉን ጣለ፣ ባላባቱ ዘሩን ካደ፤
በአባቴ እግሮች መሃል ሾልኮ፣ ገመዱን ጠምጥሞ ነጎደ።
አባቴ እንደ ተገዘገዘ ዛፍ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ዘመመ፤
ፍግ ከተጠራቀመበት ጉድጓድ እስከ ብብቱ ሰጠመ።
መነጽሩ ብቻ ንጹሕ ነበር። በዚያው አሻግሮ አየን፤
"ይሄ በአንቀጽ ዐሥራ አራት ካሳ አያስከፍልም" አለን።

በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ማውሮ የግጦሹን በር ረሳ፤
ላሞቹ መኪናችንን ከበቡት፤ ለቀስተኛ እንደሚከብ ሬሳ።
አንዷ በመስኮት አንገቷን አስገብታ መሪውን ላሰች፤
ጥሩንባው ባርቆ ሲጮህ ዘመድ የጠራት መሰላት፣ እምቧ ብላ መለሰች።
እናቴ ከኋላ ወንበር ነበረች። አልጮኸችም፤ አልወረደች፤
የጀመረችውን የሹራብ እጅጌ እዚያው ቁጭ ብላ ጨረሰች።

ከዚያ ዝናብ።
አምስት ቀን ዝናብ።
ጭቃ፣ ድንች፣ የፖም ጠጅ፣ የእርጥብ ውሻ ሽታ፤
አባቴ ከመስኮቱ ሥር፣ ኪሱን እየዳሰሰ፣ ዝምታ።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ብርዱ መስሎኝ ያስጨነቀው።
በኪሱ ምን እንዳለ ከፍየሏ በቀር ማን አወቀው?

በስምንተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ኮቱን አጥር ላይ አሰጣ፤
ፍየሏም ስትጠብቅ ኖራለች፣ ያ ቀን እስኪመጣ።
ስንደርስ ኪሱን ገልብጣ ፖስታውን አጋምሳለች፤
ማኅተሙን እንደ ጨው እየላሰች በእርጋታ ታኝካለች።
አባቴ እጁን ዘረጋ፤ መልሶም ሰበሰበው።
"ምን ነበር?" አለች እናቴ። ቆየ፤ መልሱ ከበደው።
"ስንብት ነው" አለ "የድርጅቱ። ከሰኔ ሠላሳ ጀምሮ።
ነሐሴን አብረን እንጨርስ ብዬ፤ ያለ ወሬ፣ ያለ እሮሮ።"

እናቴ አልተናገረችም። ማውሮም፣ እኔም፣ አባቴም።
ኦብዱሊያ ከበረቱ ደጃፍ፣ ባልዲ እንደያዘች፦ "አትነክስም።"

የእናቴ መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ መላ አካሏ ተናጠ፤
ለቅሶ መስሎን ስንጠጋ ሳቋ ሸለቆውን አቋረጠ።
አባቴም ሳቀ፣ በእጁ የኮቱን ኪስ ቅዳጅ እንደያዘ፤
ኮንዴ ብቻ አልገባውም፤ ለክብሩ ሲል ጮኸ፤ ከዚያ ፈዘዘ።

በመስከረም ሥራ አላገኘም። በጥቅምትም። በገናም።
ብዙ ነገር ሸጥን ያን ዓመት፤ ስለዚያ አልጽፍም አሁንም።

ግድግዳዬ ላይ ያለውን ፎቶ ያነሳችው ኦብዱሊያ ናት፤
ካሜራ ነክታ አታውቅም፤ የባልዲ እንጂ የዚህ ልማድ የላት።
እናቴ ጭጋግ፣ ማውሮ ጥላ፣ አባቴ በሟቹ ሱሪ የተበተነ፤
ባላባቱ እቅፌ ውስጥ፣ ከአንገቱ በታች ጢስ የሆነ።
ጥርት ብላ የወጣች ፍየሏ ብቻ ናት፤ ቀጥ ብላ ታየናለች፤
ከከንፈሯ ጠርዝ የፖስታ ጥግ፤
እያኘከች።