ማሰሮ ውስጥ ያለ ብርድ

የመጀመሪያው ቤት ከዚራ ነው፤ ዛፉ መንገዱን ጋርዶታል፣
የምድር ባቡር ጡረተኛው ጋሽ ወልደሰንበት ፒጃማ ለብሶ ቆሟል።
«ሳቫ፣ ሲስተር?» ይለኛል፤ ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድቷል፣
ፈረንሳይኛው ሁሉ አልቆ ይህ አንድ ቃል ተርፎታል።
ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከማንጎው ጎን ተቀምጧል፤
ጣቱን እወጋለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ስኳሩ ደህና ወርዷል።
ሻይ ጠጪ ይላል። አይ፣ ፀሐይ ይቀድመኛል።

ከዚያ ደቻቱ።
ደረቅ ነው፤ ድልድዩን ትቼ በታች ነው የማቋርጠው፣
ቦርሳዬ ትከሻዬን ሲቆርጠው፣ አሸዋው ጫማዬን ሲውጠው።
ካንዱ ዳር እስካንዱ ዳር ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤
ይህን ሁለት መቶ እርምጃ የትኛው መሣሪያዬ ነው የሚለካው?

«ነባድ» ይለኛል አንዱ፣ «አካም» ይላል ሌላው፣ «ደህና አደርሽ» ሦስተኛው፤
ለሁሉም መልስ አለኝ፤ ቋንቋ አይደለም እዚህ የጎደለው።

ገንደ ቆሬ፣ ከአህያ ማሰሪያው ጀርባ፣ ሦስተኛዋ የቆርቆሮ ደጅ፤
ዴቃና የአሥር ዓመቷ ሂቦ። አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋ፤ ጎረቤት እንኳ የለ ፍሪጅ።

ባለፈው ዓመት፣ አልደብቅም፣ ተቆጥቻታለሁ።
መድኃኒቱን ሙቀት በልቶት ልጅቷ ባጃጅ ውስጥ ራሷን ስታ፣ እኔም አብሬ ሮጫለሁ።
ሲነጋ ግን መመሪያውን እንደ ዳዊት ደግሜ፣
«ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ አላልኩሽም?» አልኳት፣ ደጇ ላይ ቆሜ።
ዴቃ ጣሪያውን አየች። ባልዲውን አየች። እኔን አየች።
«ቀዝቃዛው ቦታ የቱ ነው? አሳዪኝ፤ ሁላችንም እንግባበት» አለች።

መልስ አልነበረኝም።
ያን ቀን ስወጣ ያጎነበስኩት በሩ አጥሮ ብቻ አይደለም።

በሳምንቱ ከቀፊራ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ገዛሁ፤
ትንሹን ከትልቁ ከትቼ መሃሉን በደቻቱ አሸዋ ሞላሁ።
ዴቃ አሸዋውን አራሰች፣ እርጥብ ጨርቅ ደረበች፣
ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ፣ ከሚጠጣው ላይ እየቀነሰች።
ቴርሞሜትሩን ስከት ሂቦ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች፤
ውጭው ሠላሳ ስምንት፣ ውስጡ ሃያ አምስት።
«መድኃኒቴ ከኛ የተሻለ ቤት አለው» ትላለች።

ቅጹ ይጠይቃል፦ «ፍሪጅ፦ አለ፣ የለም»።
እኔ በመሃል «ማሰሮ» ብዬ ጻፍኩ።
ኃላፊዬ፣ «እንዲህ ያለ መልስ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይገባም»።

ሰኔ ላይ ከዚራ ትራንስፎርመር ፈነዳ። ሦስት ቀን ሙቀትና ጨለማ።
ጋሽ ወልደሰንበት ደወለ፤ ያን ቀን «ሳቫ» አልተሰማ።
ዴቃ ናት ተሻግራ የሄደችለት፤ እጇን እስከ ክርኗ አሸዋ ነክራ፣
«ብዙ ውሃ አታፍስስ፣ ጭቃ ይሆንብሃል» አለችው፣ እንደ መምህር ተኮሳትራ።
(አንቱታ ድሬ ውስጥ ብዙም አይሸጥም።)
እሱም እሺ አለ። ልክ እንደ ተማሪ፣ እሺ።

በአራተኛው ቀን መብራት መጣ፤ ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ፣
መድኃኒቱ ከማንጎው ጎን፣ ድሮ ቦታው ሄዶ አደረ።
የእሱ ማሰሮ ዛሬ በረንዳው ላይ አበባ በቅሎበታል፤
የዴቃ ግን አሁንም መድኃኒት ነው የያዘው፣ አሁንም ውሃ ይጠጣል።

ማታ ስመለስ ደቻቱ መሃል ተንበረከክሁ፣ ፌስታል አወጣሁ፤
ክረምት ሲያብድ ቤት የሚያፈርሰውን አሸዋ በእጄ እየዛቅሁ።
ይከብዳል። ነገ ፖሊስ መሬት፤ ሌላ ልጅ፣ ሌላ የቆርቆሮ ቤት፣
ደግሞም ያው ቅጽ፣ ያው ሁለት ሣጥን፤
ሦስተኛውን በእስክሪብቶ የምሠራበት።