አንሶላ ክፍል ውስጥ

ቫልዲቪያ ዝናብ ነው፤ ሌት ተቀን ይወርዳል፤
ጆሮ ሲኖር ሲኖር ኮቴውን ይለምዳል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ አራት ቁጥር አልጋ፣
ራዬን መርፌ ይዛ ወደ ሰውየው ስትጠጋ፣
የእጁን አምባር ሳታይ፣ ስሙን ሳትጠይቅ፣
አየኋት ከበሩ፣ ነፍሴ እስክትጨነቅ።
«ቆይ» አልኩ በእርጋታ፤ አምባሩን አነበብኩ፤
መድኃኒቱ የሱ ነው፤ ተነፈስኩ፤ ዝም አልኩ።

ድሮ ቢሆን እዚያው ነበር የማፈነዳው።
ሊሳንድሮ የሚባል ለጋ ተለማማጅ፣
በሽተኛው እያየ፣ ጠያቂው ተኮልኩሎ በደጅ፣
«ይህ እጅ ነው ይህ ጉቶ?» ብዬ አንቋሸሽኩት፤
ስህተቱ እውነት ነበር፤ እውነቱን ነው ያልኩት፤
ግን እንደ ድንጋይ ወረወርኩት።
በሳምንቱ ጋዋኑን አጥፎ፣ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሄደ፤
ወንዝ ዳር ገበያ ዓሣ መመዘን ለመደ።
ሳልፍ ቢላውን ያብሳል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይለኛል፤
ሳልገዛ አልፋለሁ፤ እግሬ ይፈጥንብኛል።

ስለዚህ ጠበቅሁ። ነጋ። ርክክቡ አለቀ።
ራዬንን ጠራኋት፤ ፊቷ «ምነው?» ብሎ ጠየቀ።
ጠባቧ ክፍል ገባን፤ አንሶላው ተቆልሎ፣
ገና ከማድረቂያ የወጣ፣ ትኩሱ፣ ሳሙና ሳሙና ብሎ።

«ያየሁትን ልንገርሽ» አልኩ፣ «ያየሁትን ብቻ፤
ስለ ማንነትሽ አይደለም፤ አልመጣሁም ለዛቻ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አራተኛው አልጋ፣ አምባሩ አልታየም፤
ስሙም አልተጠየቀም።
ደክሞሽ ነበር፣ አውቃለሁ፤ እኔንም ይደክመኛል፤
ግን የተኛ ሰው ‹እኔ አይደለሁም› ብሎ እንዴት ይነግረኛል?»

በሷ ፈንታ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ አወራ፤
እኔም ሳልጨምር ቆየሁ፤ ዝምታን የተማርኩት በኪሳራ።
አንድ አንሶላ ስባ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች፤
አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም፤ ጠየቀች፦
«እኔስ፣ ያየሁትን ልንገርሽ?»

ሃያ ስድስት ዓመት፣ እንዲህ ያለኝ የለም።
«ንገሪኝ» አልኩ፤ ጉሮሮዬ ግን አልተስማማም።

«ትናንት ማታ ሰባተኛው አልጋ ጋ ጓንትሽን አወለቅሽ፤
ወደ ስምንተኛው ተሻገርሽ፤
እጅሽን አልታጠብሽም።
ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ፈራሁ፤ አልነገርኩሽም።»

እጄን አየሁት፤ የኔ እጅ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ያመንኩት፤
እንደ ዝናቡ ለምጄው ኖሯል፤ ረስቼ የተውኩት።

ራዬን የአንሶላውን ጫፍ ዘረጋችልኝ፤
ብቻዋን አልታጠፍ ብሏት፣ «ያዥልኝ።»
«ቆይ» አልኳት፣ «መጀመሪያ እጄን ልታጠብ።»
ሳቀች። ከቧንቧው ይሁን ከጣራው፣ ውሃው ሲንጠባጠብ።

ስወጣ በወንዙ በኩል ነው የዛሬ መንገዴ፤
ዓሣ እገዛ ይሆናል፣ ከደፈረ ሆዴ።