የማይንኳኳው ጠረጴዛ

ደመናው ከጎሃ ተራራ ሳይወርድ፣ ግንቦት ሲገባደድ፣
ጠረጴዛውን ጎትቼ አወጣሁት ከጓዳ ወደ ደጅ።
አራት እግሩ አራት ዓይነት፤ አንዱ በሽቦ የታሰረ፣
አንዱ ከአባቴ ሞት ወዲህ በጡብ ቁራጭ የኖረ።
"ለማገዶ አድርጊው" አለች ጎረቤቴ፣ በአጥር አንገቷን ሰዳ፤
"አዲሱ በርካሽ አለ፣ ብቅ በይ እስከ አራዳ።"

እኔ ግን ብርጭቆ ወረቀት ገዝቻለሁ፣ ከሻካራ እስከ ለስላሳ፣
አንድ ያረጀ የቀለም ብሩሽ፣ ቫርኒሽም ግማሽ ጣሳ።

መጀመሪያ አረንጓዴው ወረደ፤ የኔ ዘመን ቀለም።
ከሥሩ ሰማያዊ፤ ከመስኮት የተረፈ ነው፣
እናቴ ላንድ ፋሲካ ቀብታው፣
ሳይደርቅ የእንግዳ መዳፍ ያረፈበት።
ከዚያ ቡናማ። ከዚያ ጥቁር፤ ጭስ ይሁን ዘይት እንጃ።
ከዚያ ዋንዛው ራሱ፣ ቀላ ብሎ፣ ያለ መጋረጃ።

መዳፌ አንድ ጠባሳ ነካ፣ ከጠርዙ ስንዝር ገብቶ፣
ክብ ውታፍ፣ ከሥሩ ስንጥቅ፣ በኮላ ጥርቅም ተሞልቶ።
ጠጋ ብዬ አየሁት፤ የቁልፍ ቀዳዳ።
ጠረጴዛ ምኑ ይቆለፋል? የቱ ጋ ነው የሱ ጓዳ?

ገለበጥኩት። በአንድ ወገን የሦስት ማጠፊያ ዱካ፣
ብረቱ ሄዶ ዝገቱ የቀረ። በር ኖሯል ለካ።
ደግሞ፣ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ደረት በሚደርስበት፣
ስምንት ስርጉድ፤ ጥልቅ ጥልቅ፤ የሰደፍ ልክ ያለበት።

አክስቴ እንጉዳይ ከመደቧ ሆና ታየኛለች።
"አልነገረሽም?" አለች።
"ይርሳውን የወሰዱት ሌሊት የተደበደበው ይኸ ነው፤
ያኔ ጎንደር የማን በር ተረፈ? ሲነጋ አባትሽ ነቀለው።
ሳምንት ሙሉ ደጃችን በጆንያ ኖረ፤
ከዚያ አራት እግር ሠራለት።
'ከእንግዲህ የሚያንኳኳው የለም' አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረ።"

ይርሳው፤ ያላየሁት ወንድሜ። ምን ዓይነት ስም አወጡለት!
አባቴ በስተርጅናው ሁሉን ረሳ፣ የኔን ስም ሳይቀር፤
እሱን ግን መች ሆነለት።

አሁን ገባኝ ያ ቁጣው፤ ራት እስኪቀርብ በጣቶቼ
እንደ ከበሮ ስመታው፣ ድንገት እየመጣ ከፊቴ
"አይንኳኳም!" የሚለው፣ እጄን ይዞ፣ እየተንቀጠቀጠ።
እኔ የእህል ክብር መስሎኝ፤ አኩርፌ፣ ጉንጬ ያበጠ።

ስቱኮ ነበረኝ፤ ስምንቱን ለመድፈን የሚበቃ።
ክዳኑን ከፈትኩ፤ ከደንኩ፤ ፀሐይ ሳንቃው ላይ ወድቃ።
ዙሪያቸውን አለሰለስኩ፤ እነሱን ግን አልነካሁም፤
ቫርኒሹ እዚያ ተጠራቅሞ፣ ሌላው ሲደርቅ አልደረቀም።

ማክሰኞ ማታ፣ ልጄ ሶልያና ራት ስትጠብቅ፣
በጣቷ አጥንት፣ ሳታስበው፣
ኳ፣ ኳ፣ ኳ።
እጄ ተነሣ።
ከዚያ ወረደ።
"ማነው?" አልኩ።
"እኔ ነኝ" አለች።