ሰባት ቁጥር አውቶቡስ

በኮትካ ወደብ፣ ከሳንቃ በተሠራው የዳንስ አዳራሽ፣
ሰኔ ላይ ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላ ስታመሽ፣
ቢጫ ቀሚስ ለብሳ አውኒኪ ስትወጣ፣
የተኳረፈ ሁሉ ኩርፊያውን ረስቶ ወለሉ ላይ መጣ።
እንደ ክር ቀጭን ድምፅ። እኔ ከጀርባዋ፣
አኮርዲዮን ታቅፌ ምልክት የምጠብቅ ከግራ ትከሻዋ።
ዳንሱ ይቀልጣል። አሥራ አንድ በጋ እንዲህ ቀለጠ፣
ካሴቷም በየነዳጅ ማደያው ተሸጠ።

ከዚያ ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ። ከዚያ ቢላ።
ከዚያ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ወተት የምትገዛ ሌላ
ሴት።
መናገር ሲፈቀድላት፣ ድምጿ ጠጠር ላይ የሚጎተት ጀልባ።
አሳታሚው ምስጋናውን ላከ ከነጭ አበባ
ጋር፤ ለሬሳ እንደሚላክ።

አራት ዓመት ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነዳች፣
ከወረቀት ፋብሪካው እስከ ወደቡ።
አንዳንዱ በመስታወት ያያትና "እሷ እኮ..." ይላል፤
"አይ፣ እሷማ ሞታለች" ይላል መልሶ ለልቡ።
እሷ ታዳምጣለች። መጥረጊያው ዝናቡን ሲገፋ፣
በሩ ሲተነፍስ፣ የሌሊት ፈረቃው ሲያዛጋ፣
ሳንቲም ከመቀመጫ ሥር ወድቆ ሲጠፋ።
ቀይ መብራት ላይ፣ በትኬት ጀርባ፣ አንድ ቃል ትጽፋለች፤
አረንጓዴ ሲበራ እስክሪብቶውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትነዳለች።

በየካቲት ደወለችልኝ። "አኮርዲዮንሽን አምጪ።
ዜማ ግን አልፈልግም። የአየሩን ቁልፍ ተጭነሽ
ወናፉን ብቻ ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ክፈቺ።"
ተቀየምኩ፤ አልዋሽም። ሃያ ዓመት የሠለጠኑ ጣቶች አሉኝ።
ሄድኩ ግን።

የአውቶቡስ ጋራዥ፣ ስልሳ ወንበር፣ ሠላሳ አንድ ሰው፤
ዓይኑ ሁሉ ቢጫውን ቀሚስ የሚያስሰው።
በነጂ ካፖርቷ ወጣች። የፌርማታዎቹን ስም
አንድ በአንድ ጠራች፣ እንደ እህቶቿ፣
ከሆዷ፣ ከሥር፣ አሸዋ በሞላው ቃና፣ ሳታዜም።
እኔ ከኋላዋ እተነፍሳለሁ።
አሥራ አራቱ ወጡ። አንዱ በሩ ላይ ዞሮ ጮኸ፦
"ይሄ ሞተር ማሞቅ እንጂ ዘፈን አይደለም!"
ሳቀች። ቃሉን ትኬት ላይ ጻፈችው፤
አዲሱ አልበሟ ዛሬ "ሞተር ማሞቅ" ይባላል።

ከቀሩት መካከል አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፣
ከድሮው አዳራሽ የማውቃቸው፣ አርጅተው።
የሚከተሉት ምት የለም፤ ግን ተነሡ፣
በወናፌ ልክ እየተነፈሱ፣ ተቃቅፈው።

ዳንሱ ቀለጠ አልልም።
ግን እንደ መጋቢት በረዶ፣ ከጋራዡ ጣሪያ ጫፍ፣
ጠብ አለ።