መስኮቱን ዝጊው

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ይላል የመንገዱ ሰሌዳ፤
ኡላንባታር በከሰል ጭስ ታፍናለች በማለዳ።
የተሳፋሪው ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ተኝቶ
በረዶ ሆኗል ረግቶ፤
ሰው በካፖርቱ ውስጥ እንደ ኤሊ አንገቱን ቀብሮ፣
እጁን በብብቱ ቀርቅሮ፣
ሹፌሯ ብቻ መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፍታ፣
ክንዷን ወደ ቁሩ ዘርግታ።

«መስኮቱን ዝጊው!» ይላል ከኋላ የአሮጊት ድምፅ።
«ልጅ ይዣለሁ እኮ!»
«ሴትዮዋ አብዳለች እንዴ?»

አላበደችም። ናራንገረል ናት፤ ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት።
«የፀሐይ ብርሃን» ማለት ነው፣ አባቷ ነው ያወጣላት፤
ያኔ ስም ብቻ ነበረ፣
ዘንድሮ ከውስጥ ወጥቶ ያዛት።

ከደረቷ ይነሣል፤ አንድ ነጥብ፣ እንደ ተጫረ ክብሪት፣
ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ የፀጉሯ ሥር እሳት።
አራት ደቂቃ። ቆጥራዋለች። ቀዩ መብራት ሁለቴ በርቶ እስኪበርድ፤
ከዚያ ላቡ ጀርባዋ ላይ ይቀርና ይሆናል ብርድ፣
መስኮቱን ራሷ ትዘጋለች፣
የጣለችውን ኮት በእግሯ ትዳብሳለች።

ከነዳጁ መዝገብ ሥር ሌላ መዝገብ አላት።
«ሰዓቱን ጻፊ» ብላ ሐኪሟ ናት የሰጠቻት፤
«ምን እንደበላሽ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ማን ላይ እንደጮኽሽ።»

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፦ አንሶላ ቀየርኩ።
ማክሰኞ፣ ከጧቱ አንድ ተኩል፦ ድልድዩ ላይ ነደድኩ።
ረቡዕ፦ ጋልሳን ላይ ጮኽኩ። ጥፋቱ፦ ካልሲ።
ሐሙስ፦ አለቀስኩ። ጥፋት የለም።
ዓርብ፦ ምንም።
(ዓርብን ሁለቴ አስምራበታለች።)

«ሆርሞኑ ባንዴ አያልቅም» አለች ሐኪሟ፣ ልጅ እግሯ፣
«ዛሬ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ነገ ጠብታ የለም።»
«አውቀዋለሁ» አለች ናራንገረል፣ «የድሮው አውቶቡሴ
ነዳጅ መለኪያው እንዲህ ነበር የሚያደርገኝ።»
ሳቁ። ከዚያ ምክሩ መጣ፤
ልብሱ ይደራረብ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚገፈፍ፣
ጨው ያለበት ወፍራሙ ሻይ ከማታ ይቅር፣
ከመጨረሻው ፌርማታ ቤት ድረስ በእግር።
ደግሞም ዳሌ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር አለ፤
«አስቢበት» አለቻት። ልታስብበት ወጣች።
ሻዩን ተወች። ሁለት ቀን።

የባሰው ግን ሙቀቱ አይደለም።
ባለፈው ሳምንት ማይኩን አንሥታ፣ «ቀጣዩ ፌርማታ...» አለች፣
ስሙ የለም።
ሃያ ሁለት ዓመት የጠራችው ስም
ከምላሷ ጫፍ ላይ ወርዶ በር ዘግቶባት ሄደ።
ማይኩ ይተነፍሳል። አውቶቡሱ በሙሉ ያዳምጣል።
እጇ መሪው ላይ ራደ።

«ጫማ ፋብሪካ!» አለ ያ ድምፅ፣ የመስኮቱ አሮጊት።
በሚቀጥለው ሁለት ተማሪዎች ቀደሟት፣ «ሰርከስ!»፣
በሦስተኛው ደግሞ ልጅ የታቀፈችዋ ሴት፣
ሳይለምኗቸው፣ ሳያፍሩ፣
ከተማቸውን በስም በስሙ እየጠሩ።

አሮጊቷ በፊት በር ወረደች፤ ሳትወርድ ቆም ብላ፣
«እኔ በዚያ ዕድሜ ቆዳ ፋብሪካ ነበርኩ» አለች፣
«ግንባሬን የማስደግፍበት አንድ የብረት በር ነበረኝ።
ሲጠይቁኝ ጉንፋን ነው እል ነበር።»
ደረጃው ላይ ሆና ዞረች፤
«መስኮቱን ግን ዝጊው።»

አሥራ አንድ ወር ከሃያ ቀን ቆጥራ ነበር፣ ያለ ደም።
አሥራ ሁለት ሲደፍን «አለቀ» ይባላል ብለዋታል።
ዛሬ፣ የዴፖው መጸዳጃ ቤት፣ አምፖሉ እየተርገበገበ፣
መጣ። እንደ ረሳችው ዘመድ፣ ሻንጣውን ይዞ።

ተቀመጠች ጥቂት። መሳቅም መሳደብም አማራት።
ለሐኪሟ ደወለች፤ «ማክሰኞ እመጣለሁ።
ያ ፕላስተር አለ ያልሽው፣ እሱንም እናወራለን።»
መዝገቡን ገለጠች፣ ቀኑን ጻፈች፣
ከቀኑ ጎን «አንድ» አለች።

ወጣች፣ ሞተሩን አስነሣች፣ በሮቹን ዘጋች፣
መስኮቷን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረገች፣
አንደኛ ማርሽ አስገባች።