ጠብ የሚል ነገር

በቺሊ ደቡብ ጫፍ፣ በቺሎዌ ደሴት፣
ዝናብ ቤተኛ ነው፣ ይገባል ሳይጠሩት፤
ጫማውን ሳያወልቅ ይወርዳል በጣራ፣
ሰኞ የጀመረውን ሐሙስ ላይ ሲያወራ።

የዓሣ ፋብሪካው በሩን የዘጋ ለት፣
ኤዱቪና ናሁኤልኪን ጓንቷ ብቻ ቀራት።
አንድ ደብተር ገዛች፣ መስመር ያለው ደብተር፣
ጻፈች ባናቱ ላይ፦ «እንግዳ የሚያመጣ ነገር»።

«አንደኛ፣ በጀልባ ፔንግዊን ማስጎብኘት፤»
ጎረቤቷ ቺጉዋይ ጀልባ አለው ስድስት።
«ሁለተኛ፣ ካልሲ፣ የበግ ጠጉር ሹራብ፤»
ሻጩ እንደ አሸን ነው፤ የገዢ ነው ረሃብ።
ሦስተኛው አይነበብ፣ ጣራው አፍስሶበት፤
አራተኛው ድንች ነው፣ «ሐምራዊ» ብላ ጽፋበት።
ልጇ ሊሳንድሮ አየና ሣቀባት፦
«እማ፣ ሐሳብ ሞልቷል፣ ጠብ የሚል የለበት!»

በነሐሴ ማታ፣ መርከብ ያመለጠው
በሯን የመታ ሰው፣ ዝናብ የቀጠቀጠው፤
የመዳብ ማዕድን ያረጀ ቆፋሪ፣
በርናርዲኖ ይባላል፣ የካላማ ኗሪ፤
አገሩ ምድረ በዳ፣ ሰማዩ ቆንቋና፣
ሕፃን በወሬ ብቻ የሚስል ደመና።

ከጣራው ሥር ካለች ጠባብ ክፍል ወስዳ፣
አስተኛችው አፍራ፣ እንደ ባለ ዕዳ፦
«ይቅር በለኝ» አለች «እንጨቱ ቀጭን ነው፣
ዝናቡ ከጀመረ ዝም የሚያሰኝ የለው።»

ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ፣ ዳቦው እንዳለ፣
«ሌሊቱን በሙሉ አልተኛሁም» አለ።
ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት፣
«ዋጋው ስንት ነው» አላት «ለሦስት ሌሊት?»
«የምን ዋጋ?» አለች። «የዚህ» አለ ወደ ላይ፣
ጣቱን እየጠቆመ በሚንኳኳው ሰማይ።

ደብተሩን አወጣች፤ የድንቹን ገጽ ገልብጣ፣
ቁጥር ሳትሰጠው ጻፈች ቀስ ብላ ተቀምጣ፦
«እንሽጥ እስኪ ደግሞ ሁሌ የተረፈንን፣
ጎረቤት ያማረረውን፣ እኛም የረገምነውን።»

ሐሳብ መውለድ ምጥ ነው፣ ማሳደጉ ግን ጣጣ፤
ቆርቆሮ ወይስ እንጨት? ድምፁ ከየቱ ይምጣ?
አንዱን ጎን አለበሰች አሮጌ ቆርቆሮ፣
ሌላውን የእንጨት ቅርፊት፤ ለካችው በጆሮ።
ከመስኮቱ ግርጌ ደርድራ አስቀመጠች
የፋብሪካ ባልዲ፣ ድስት፣ ቃና እየመረጠች።
ባንክ ሄደች ለብድር። ጸሐፊው ሳቀና፣
«መያዣሽ ምንድን ነው?»
                        «ደመና።»
                                    «ደመና?»
አልሰጣትም። ከእህቷ ተበደረች በዘመድ፣
ሁለት ጠቦት በግ ናት የዓመቱ ወለድ።

በሩ ላይ ሰሌዳ፦ «እዚህ ዝናብ ይሰማል።
ካልዘነበ ግን ገንዘብዎ ይመለሳል።»

መጡም፤ እንቅልፍ ያጣች የሳንቲያጎ ነርስ፣
ዓይኑ የታመመ፣ በጆሮ የሚያስስ፤
ከበረሃም መጡ በርናርዲኖ ልኳቸው፣
ዋጋው ያልተቀደደ ዣንጥላ በእጃቸው።

ጥር ላይ ሆነና፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣
ዘጠኝ ቀን ፀሐይ ሆነ፤ ሰማይ ዝም አለ።
ጎረቤት ልብስ አሰጣ፣ ጎረቤት ዘፈነ፣
የኤዱቪና ፊት ግን እንደ ክረምት ሆነ።

በዘጠነኛው ሌሊት ጣራው ተንኳኳ፣
ወጥታ ብታይ ጊዜ ልጇ ነው ለካ፣
ከላይ ተፈናጦ፣ የውሃ ጎማ ታጥቆ፣
ዝናብ ሆኖ ሊያድር፣ ከጨረቃ ተደብቆ።
«ውረድ» አለች በሹክሹክታ «ሰማይ አይኮረጅም፤
ሊሰማ የመጣ ጆሮ በጎማ አይሸነገልም።»

ጠዋት ገንዘብ ቆጥራ መለሰች ላንድ ላንዱ፣
አምስቱ ተቀብለው ወደ መርከብ ሄዱ።
ስድስተኛዋ ግን እጇን ሳትዘረጋ፣
«እጠብቃለሁ» አለች፣ ጋደም ብላ ካልጋ።

ኤዱቪና ደብተሯን ከኪሷ አወጣች፤
«መጠበቅ» ብላ ጻፈች።
ዋጋውን ዘለለች።