ቀልድም ቅኝት አለው

ቧንቧ ውሃ ማዶ፣ ከልብስ ሰፊው ፎቅ፣
በፍራሽ ባፈንነው ክፍል ውስጥ ስንስቅ፣
ጥሩንባ እንዳይገባ፣ ዘፈን እንዳይወጣ፣
ክረምት እየሄደ ክረምት እየመጣ፣
ዐሥራ ስድስት ዓመት አህያ አዘፈንን።

ግርማቸው ነው ስሙ። ባለ ካርቱን ገላ፣
ግራ ጆሮው አጭር (ሣዩ ተሳስቶ ነው፣ መለያው ሆነ ኋላ)፣
ቅዳሜ ማታ ማታ፣ ከዜናው ቀጥሎ፣
ብቅ ይላል በስክሪኑ ጭነቱን አዝሎ፣
ይወድቃል፣ ይከሰሳል፣ ዕቁብ ይበላል፣
ጨንቆት መውጫ ሲያጣ አፉን ከፍቶ ይዘፍናል።

ቃሉን የምጽፍ እኔ፣ መዲና።
ድምፁ የይማም ነው፤ ጡረተኛ ሾፌር፣
ጉሮሮው ናፍጣ የጠጣ፣ ሳሉ ሳይቀር የሚያምር።
ዜማው የጌትነት፤
ኪቦርዱ ላይ አንዲት ቁልፍ ከሞተች ቆየች፣
"ነገ እናሠራታለን" እንደተባለች አረጀች።

ያልነካነው የለም።
የሰርጉን ሆታ ለፍቺ ገለበጥነው፣
ፉከራውን ወስደን ለጉንፋን ሰጠነው፣
ከሳሙና ማስታወቂያ ዜማ ተውሰን
የዕድር ጸሐፊ ሂሳብ አዘፈንን፣
የኮምቦልቻን ፋብሪካ የምሳ ጩኸት እንኳ
የተራበ አህያ አዝማች አደረግነው።

በሰባተኛው ዓመት የጋሽ አረቡን ዘፈን ሰረቅን።
የሳቸው እንዲህ ነበር፦

    ሐረጎን ስወጣ ልቤ ቀረ ከታች፣
    ያነሣችው ቆንጆ ባለቤቱን አጣች።

ግርማቸው ደግሞ፦

    ሐረጎን ስወጣ ጤፌ ቀረ ከታች፣
    ያነሣችው ጦጣ ደረሰኝ አመጣች።

ልጆች ያዟት። ከሸዋ በር እስከ ሆጤ
ግንብ ላይ በጠመኔ ተጻፈች፣
በታክሲ ረዳት አፍ ተጠራች፣
የፊተኛዋ ዘፈን ቤቷን ለጦጣ ለቀቀች።

ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሰርግ አዳራሽ፣
ሽማግሌው ማሲንቋቸውን ይዘው ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣
"ሐረጎን ስወጣ…" ሲሉ አዳራሹ ሳቀ፤
ሙሽራዋ ሳቀች፣ ቪዲዮ ቀራጩ ሳቀ፣
አንድ ሕፃን ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ "ጦጣ!" አለ።

ሰኞ በጠዋት፣ ጦሳ ጉሙን ሳይገፍ፣
ደረጃውን በዱላ እየቆጠሩ መጡ።
ይቅርታ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስት ዓይነት።
አንዱንም አልጠየቁኝ።
"አህያሽን አልጠላውም" አሉ፤ "ሰው ነው።
ግን ይኼ አምባሰል ነበር፣ አንድ እግሩን ሰብራችሁታል፤
አንዲት ድምፅ ዘላችኋል። ቀልድም ቅኝት አለው፣ ልጄ።
ልትቀልጂብኝ ከሆነ ጠንቅቀሽ ቀልጂብኝ።"
ጌትነት የሞተችውን ቁልፍ በመዳፉ ሸፈናት።

ከዚያ ማሲንቆውን ከማዳበሪያ ጆንያ አወጡ፤
የራሳቸውን ሳይሆን የአህያውን ዘፈኑ።
"ደረሰኝ አመጣች" ላይ ሲደርሱ
ይማም ሳሉን ዋጠ፣ እኔ ወለሉን አየሁ፤
ያች ጦጣ ያን ወረቀት ይዛ
ስንት ዓመት ሰው ስትፈልግ እንደኖረች
ያን ጠዋት ገባኝ።

"የራስሽስ?" አሉኝ ሲነሡ።
አንዲት አለችኝ፣ ከማንም ያልወሰድኳት፣
በዐሥራ አንደኛው ዓመት ግርማቸው ወንዝ ዳር ቆሞ ያላት፦

    ቦርከና ጥላዬን ተሸክሞት ሄደ፣
    ጀርባዬ ቀለለኝ፣ ልቤ ግን ከበደ።

ማንም አልሳቀባት፣ ማንም አልደወለ፣
ስፖንሰሩ እንኳ "ተበላሽቶ ነው ወይ?" አለ።
አንጎራጎርኩላቸው። ዝም አሉ።
ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ ዱላቸውን አነሡ፣ ወጡ።

በሩን ሳልዘጋው፣ ከታችኛው እርከን፣
የኔው ዜማ መጣ፣ አንዲት ድምፅ ሳይዘል፦

    ደረጃው ጉልበቴን ተሸክሞት ሄደ፣
    ግጥሟስ ቀላል ነበር፣ ፎቋ ግን ከበደ።